«ወንድሜ ይሙት!» የሚለው ሰውዬ፦ የማይታመን ተራኪ ድምፅ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ አጭር ልቦለድ ጽፌ ጨርሻለሁ። ተራኪው ጡረታ የወጣ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ታላቅ ወንድሙ ታሞ ሲሞት ቤቱን በራሱ ስም አዙሮታል። የሟች ልጅ ውጭ አገር ነው ያለችው። ታሪኩን የሚነግረን ሰውየው ራሱ ነው፤ ጥፋተኛ መሆኑን ግን አያምንም። ለሁለት ጓደኞቼ አስነበብኳቸው። አንዷ ‹ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ሌባ መሆኑን አውቄዋለሁ፣ ምን ያንዛዛዋል› አለችኝ። ሌላው ደግሞ ‹ቀኖቹ ተምታተውብሻል፣ አስተካክያቸው› አለኝ። እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው ያምታታኋቸው! ሰውየው እንደማይታመን እኔ ሳልናገር አንባቢው እንዲያውቅ እንዴት ላድርግ?»

ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ። ይሄ የአንቺና የአንቱ ነገር ለድርሰትሽም ስለሚጠቅም ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለቱም ጓደኞችሽ ልክ ናቸው። ከጥያቄሽ ጋር የላክሽውን ረቂቅ አነበብኩት። ሰውየሽ አፉን የሚከፍተው «እኔ ሌባ አይደለሁም፣ ሰው የሚለውን አትስሙ» ብሎ ነው። ማን ሌባ አለው? እኛ ገና ምንም አልሰማንም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ሲገጥመን ሁላችንም ኪሳችንን እንዳብሳለን። ጓደኛሽም ያደረገችው ይህንኑ ነው።

የወንዱ ጓደኛሽ ቅሬታ ይብሳል። ሰውየሽ የወንድሙን ዕድሜ አንዴ 61፣ አንዴ 64 ይላል። ቀብሩ ላይ ዝናብ ዘነበ ይልና ትንሽ ቆይቶ አቧራ ያስነሣል። የጎረቤቱ ስም ሳይቀር ይለዋወጣል። ሆን ብለሽ እንዳደረግሽው አምንሻለሁ። አንባቢ ግን ይህን በምን ያውቃል? ለእሱ የተዛባ ቀን ማለት ያልታረመ መጽሐፍ ማለት ነው። ያልታረመ መጽሐፍ ደግሞ እኛ ጋ ብርቅ አይደለም።

እኔም በዚህ ተቀጥቻለሁ። ወጣት ሳለሁ ሰካራም የሚተርከው አንድ አጭር ልቦለድ ጽፌ ነበር። ስካሩ እንዲታይልኝ ቃላቱን አንሻፈፍኩ፤ ዓረፍተ ነገሩን እያጋመስኩ ተውኩ። ለአንድ አንጋፋ አርታኢ ሰጠሁት። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶ አቃንቶ መለሰልኝ። ሰካራሜ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የመሰለ ንጹህ አማርኛ ይናገራል። «ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ስትጽፍ ግን አትቸኩል» አለኝ።

ወደ ጉዳዩ። «የማይታመን ተራኪ» የሚለውን ስያሜ ያወጣው አሜሪካዊው ሐያሲ ዌይን ቡዝ ነው፣ በ1961 እ.ኤ.አ.። ተራኪው የሚለውና ድርሰቱ በጠቅላላው የሚለው ሲለያዩ ተራኪው አይታመንም፤ ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። ሕፃን አይዋሽም፣ ያየው ግን አይገባውም። በሽተኛ ያምታታል። አጭበርባሪ እያወቀ ይዋሻል። ያንቺ ሰውዬ ከእነዚህ ሁሉ ይከብዳል፤ መጀመሪያ የዋሸው ራሱን ነው።

«ይሄማ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው» የሚሉኝ አሉ። ይመሳሰላል፤ አንድ ነገር ግን ይለያቸዋል። ባለቅኔው ወርቁን ያውቀዋል። በሰም የሚሸፍነው ሆን ብሎ ነው፤ ሰሚው ፈልቅቆ ሲያገኘው ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። ያንቺ ባለ መጋዘን ግን ሰሙን ጨብጦ ወርቅ ነው ብሎ የሚምል ሰው ነው። ወርቁን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ለአንባቢው የምታቀብዪውም ከሰውየው ጀርባ ተደብቀሽ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጽፊው ወርቁን ነው። አንድ ነጭ ወረቀት አውጪና የሆነውን ሁሉ ሳታሳምሪ አስፍሪው፣ ልክ ለፖሊስ እንደሚሰጥ ቃል። ለአንባቢ የሚሆን አይደለም፣ ለራስሽ ነው። ከረቂቅሽ ተነሥቼ፣ የጎደለውን ከራሴ ጨምሬ ልሞክረው።

ወንድምየው ሲታመም ለታናሹ ውክልና ሰጠ። ከፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሌሊት አረፈ። ማክሰኞ ተቀበረ። ረቡዕ የሰልስቱ ዕለት፣ ድንኳኑ ሳይነቀል፣ ታናሽየው ወጣ ብሎ በውክልናው የቤቱን ስም ማዛወሪያ ፈረመ። ውክልና ደግሞ ሰጪው ሲሞት አብሮ ይሞታል። ሰውየሽ በእጁ ይዞት የሄደው ሥልጣን የሁለት ቀን ሬሳ ነበር ማለት ነው። ልጅቱ ፈተና ላይ ናት ተብሎ መርዶው የተነገራት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እሷ አባቷ የሞተው ያኔ ይመስላታል።

አየሽ፣ አሁን ሰውየው ማድበስበስ ያለበት አንድ ቀን ብቻ እንደሆነ አወቅን። የወንድሙን ዕድሜ ቢያሳስት ምን ይጠቀማል? የጎረቤቱን ስም ቢለዋውጥ ምን ያገኛል? ምንም። ራሱን የሚያታልል ሰው ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ወደሚጠቅመው ጎን። የማይጠቅመውን ሁሉ ግን በትክክል ይናገራል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ በትክክል።

ባለ መጋዘን ማድረግሽ እዚህ ላይ ነው ግሩም የሆነው፤ አንቺ ግን አልተጠቀምሽበትም። መጋዘን የሠራ ሰው ሞዴል 19 ሳይቆረጥ ዕቃ አያስገባም፤ ሞዴል 22 ሳይቆረጥ አያስወጣም። ስንት ጆንያ ሲሚንቶ በየትኛው ቀን እንደገባ፣ የትኛው ሾፌር እንዳመጣው፣ ስንቱ ተቀዶ እንደደረሰ ይነግርሻል። ይንገረን! አንባቢው «ይሄ ሰውዬ እኮ ነገር አይስትም» ብሎ ይመነው። ከዚያ ወደ ወንድሙ ሞት ሲደርስ «ያው ሰኔ ገደማ ነው፣ ቆጠራ ደርሶ ተወጥሬ ነበር» ብሎ ይለፈው። የሚስማር ቁጥር የማይረሳ ሰው የወንድሙን ሞት «ገደማ» ካለ፣ አንባቢው ጆሮውን ያቆማል። አንቺ አንድ ቃል አልተነፈስሽም።

ይህን ቀን ደግሞ እኛው ቤት ባለ ነገር ማጋለጥ ትችያለሽ። ሰውየው ለቅሶውን ሲያወራ፣ በኩራት፣ «በሰልስቱ ዕለት፣ ረቡዕ፣ ሰው ሁሉ ጠግቦ ነው የወጣ፤ ሥጋ ወጡን በሁለት ትልልቅ ድስት አሠርቼ» ይበል። እስቲ አስቢው። ቆጠራ ሰኔ 30 ላይ ነው። የሰኔ መጨረሻ ደግሞ ጾም ነው፣ ያውም ረቡዕ። ሥጋ ወጥ በየት በኩል? ረቡዕን ሥጋ የሚበላው በበዓለ ኀምሳ ነው። አንባቢሽ ይህን ሒሳብ ለመሥራት ካሌንደር አያስፈልገውም፤ ሆዱ ያውቀዋል። ሰውየው ግን አያስተውልም፤ የተጠመደው ለጋስነቱን በማሳየት ነው። ተራኪ የሚጋለጠው ሊደብቅ ሲሞክር ብቻ አይደለም። ሊመሰገን ሲሞክርም ነው፤ እንደውም ያኔ ይብሳል።

አሁን ደግሞ ልጠይቅሽ፤ ሰውየው የሚያወራው ለማን ነው? ረቂቅሽ ውስጥ ለማንም አያወራም፤ አየር ላይ ነው የሚናገረው። ሰው አየር ላይ አይዋሽም። የሚዋሸው አንድ ነገር ለሚፈልግበት ሰው ነው። ያንኑ ታሪክ ለሦስት ሰው ሲያወራው እንስማው።

ለሽማግሌዎች፦ «እናንተን የመሰላችሁ አባቶች እያላችሁ ፍርድ ቤት መቆም ነውር ነው ብዬ ነው። ያስታመምኩት እኔ፣ የቀበርኩት እኔ። ታዲያ ቤቱን ማን ሊጠብቀው ኖሯል?»

ለነፍስ አባቱ፦ «አባ፣ ሰው ይቅር ማለት አቅቶኛል። ያችን የወንድሜን ሚስት ሳያት ደሜ ይፈላል። ለዚህ ቀኖና ይስጡኝ።»

ለወንድሙ ልጅ፦ «ልጄ፣ ሻይሽን ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል። አባትሽ እኮ ያላንቺ ወሬ አልነበረውም። ያችን ወረቀት ይዘሽልኝ መጣሽ?»

ሁለተኛውን ልብ በይው። ንስሐ ሊገባ ሄዶ የተናዘዘው ቁጣውን ነው። ቤቱን አላነሣውም። እኔ በበኩሌ ከሦስቱ ይሄኛው ያስደነግጠኛል። ላንቺ ታሪክ ግን ሦስተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ልጅቱ ከውጭ መጥታ ፊቱ ተቀምጣለች፤ የሆነውን አታውቅም፤ እሱ ደግሞ ነገሩን የሚደመድምለት ፊርማዋን ይፈልጋል። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ። ዛሬ ለምን እንደሚያወራም ተገኘ፤ ነገ ውልና ማስረጃ ቀጠሮ አላቸው። ታሪኩ ውስጥ ሰዓት መቁጠር ጀመረ።

ወደ ቋንቋው ልምጣ። እዚህ ላይ ብንዛዛ ታገሺኝ፤ የምወደው ይሄንን ነው። አማርኛ ሰውን የሚያጋልጠው በትንንሽ ቅጥያዎች ነው።

«ብኝ»ን ውሰጂ። «ሲኒው ተሰበረ»፣ «ሲኒውን ሰበርኩት»፣ «ሲኒው ተሰበረብኝ»። ሦስተኛው ላይ ሰባሪው ጠፍቶ ተበዳይ ተወለደ። ሰውየሽ የሠራውን ሁሉ በ«ብኝ» ይናገር። ወንድሜ ታመመብኝ፣ ሞተብኝ፣ ወረቀቱ ጠፋብኝ፣ ሰው ተነሣብኝ። «ሞተብኝ» የሐዘንተኛ አነጋገር ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም። «ወረቀቱ ጠፋብኝ» ሲል ግን፣ ያንን ወረቀት ሌላ ማንም ነክቶት እንደማያውቅ ሦስት ገጽ ቀደም ብለን ሰምተናል።

«አሉ»ም አለልሽ። ያላየነውን የምንናገርበት ነው። «ያን ቀን ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር አሉ።» እሺ፣ አልነበረም ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ሰውየው «ጀበናው እንኳ አልተነካም፤ የተሰበረችው ያቺ ጆሮዋ የተሸረፈ ሲኒ ናት» ካለ፣ በ«አሉ» የወጣበት ቤት በሲኒዋ ተመልሶ ገባ። «ለካ»ም እንደዚሁ ነው። ለካ የሚያውቀውን ሰው አፍ ላይ አያምርም። «ለካ ወንድሜ ክፉኛ ታሞ ኖሯል» የሚል ሰው፣ ወር ሙሉ መድኃኒት ሲያመላልስ ከርሞ ከሆነ፣ «ለካ»ውን የሚለው ለእኛ ነው፤ ለራሱ አይደለም።

ከሁሉ የምመርጥልሽ ግን ይህን ነው። የእኛ ሰው ሲያወራ የሌላውን ቃል እንደወረደ ነው የሚጠቅሰው። «እንዲህ አለኝ» ብሎ ይጀምርና የሰውየውን አፍ ተውሶ ይናገራል። ሟችም ቢሆን በተራኪው አፍ ያወራል፤ ሊያርመውም አይችልም። ሰውየሽ የወንድሙን የመጨረሻ ቃል ሁለት ጊዜ ይጥቀስ። መጀመሪያ አካባቢ፣ ለልጅቱ ረገጥ አድርጎ፦

«እጄን ያዘና፣ ‹ቤቱን አንተ ያዘው› አለኝ።»

ኋላ፣ ብዙ ገጽ አልፎ፣ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ፦

«ብርቱካን ልጬለት ነበር። አልበላውም። ሽታውን ብቻ አሸተተው። ከዚያ ‹ቤቱን አንተ ያዝልኝ› አለኝና ወደ ግድግዳው ዞረ። ብርቱካኑን እኔው በላሁት።»

ያዘው። ያዝልኝ። ወንጀሉ በሙሉ እዚያች «ልኝ» ውስጥ ነው። አንደኛው ስጦታ ነው፤ ሁለተኛው አደራ። ሰውየው ሲጠነቀቅ ስጦታ ያደርገዋል፤ ብርቱካኑ ትዝ ብሎት ሲዘናጋ እውነተኛው ቃል ያመልጠዋል። አንቺ እዚህ ላይ ጭጭ ነው። «አንባቢ ባይደርስበትስ?» ብለሽ ብትፈሪ አይገርመኝም። አንዳንዱ አይደርስበትም። ይለፈው። የሚደርስበት ግን መጽሐፉን አጥፎ ወደ ኋላ ይገልጣል፤ ላንቺ ከዚያ የበለጠ ደስታ የለም።

አንቱታውን እንዳልረሳ። የወንድሙን ሚስት ሲያነሣ «ሴትየዋ» እያለ ነው የሚያወራው። «ሴትየዋ መጣች፣ ሴትየዋ ጮኸች።» ግን ወንድሙ ስለሞተባት ሌሊት ሲያወራ እንዲህ ይበል፦ «‹እትዬ፣ ትንሽ ጋደም ይበሉ እንጂ› አልኳት።» በጥቅሱ ውስጥ «እትዬ» እና «ይበሉ» አለ፤ ከጥቅሱ ውጭ «አልኳት»። አንድ መስመር ላይ ሁለት ሴትዮ። ያኔ ያከብራት ነበር ማለት ነው። ታዲያ በመሐል ምን መጣ? እሷ ምን አድርጋው ነው ከእትዬ ወደ ሴትየዋ የወረደችው? ምናልባት ምንም አላደረገችውም። ምናልባት ያደረጋት እሱ ነው። የበደሉትን ሰው አንቱ ማለት ይከብዳል።

መሐላ ደግሞ አለልን። ሰውየሽን «እውነቱን ለመናገር» አታስብዪው፣ አሰልቺ ነው። ያስምልሽው። «ወንድሜ ይሙት!» ይበል። በየሁለት ገጹ ይበል። መጀመሪያ ላይ አንባቢው ልማድ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቆይቶ ግን ይገባዋል፤ ወንድሙ እኮ ሞቷል! ምንም የማያስከፍል መሐላ ነው። ከዚያ ልጅቱ አንድ ጊዜ፣ ሻይዋን አስቀምጣ፣ «በልጅህ ማልልኝ» ትበለው። እሱ ምን ይላል? «ይሄ ሻይ ቀዘቀዘ፣ ይሙቅልሽ?» ይበል። ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይሂድ። ያ ትዕይንት እንዲህ ከተጻፈ የእምነት ቃል አያስፈልግሽም።

ልጅቱን እንዲህ እንድትናገር ማድረግሽ ሌላም ጥቅም አለው። በአንደኛ መደብ ትረካ ውስጥ የተራኪውን ፊት የምናይበት መስተዋት የሌሎች ሰዎች አፍ ነው። ካዙኦ ኢሺጉሮ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልቦለድ ተራኪው የአንድ እንግሊዛዊ ባላባት የቤት አዛዥ ነው። ፎቅ ላይ አባቱ እየሞተ፣ እሱ ታች እንግዳ ያስተናግዳል። ስለ ስሜቱ አንዲት ቃል አይነግረንም። ብቻ ጌታው ጠጋ ብሎ የምታለቅስ ትመስላለህ ይለዋል። እሱም ፈገግ ብሎ ፊቱን ይጠርግና የቀኑ ድካም ነው ይላል። ማልቀሱን የምናውቀው ከሌላ ሰው አፍ ነው። አንቺም በሰልስቱ ቀን አንዲት ጎረቤት አስገቢ። ሰውየው «ለወጥ የሚሆን ሽንኩርት ልገዛ» ብሎ ወጥቶ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። ጎረቤቲቱ «ሽንኩርቱስ?» ትበለው። እሱም ለልጅቱ ሲያወራ «እስቲ አሁን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሽንኩርት ያስታውሳል?» ብሎ ይሳቅ። የት እንደሄደ አንባቢው በራሱ ጊዜ ይደርስበታል።

አንድ ሕግ ግን አለ። አንባቢን ማታለል ትችያለሽ፤ መስረቅ አትችዪም። ከዚህ በታች ያለው የአንድ መጽሐፍ መጨረሻ ስለሚያወጣ፣ ላንብበው የምትዪ ከሆነ ይህን አንቀጽ ዝለዪው። አጋታ ክሪስቲ በ1926 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የሮጀር አክሮይድ ግድያ ልቦለድ ተራኪው የመንደሩ ሐኪም ነው፤ ገዳዩም እሱው ነው። በግድያው ምሽት ያደረገውን ሲተርክ፣ ደብዳቤው የመጣው በእኛ አቆጣጠር 2፡40 ላይ ነው ይላል፤ ከክፍሉ የወጣሁት 2፡50 ሲል ነው፣ ደብዳቤው ያኔም አልተነበበም ይላል። አንድም ውሸት የለበትም። በአሥሩ ደቂቃ ውስጥ ምን እንደተደረገ ብቻ አልነገረንም። መጨረሻ ላይ ራሱ ወደዚያች ቦታ ተመልሶ በአጻጻፉ ይኮራል። መጽሐፉ ሲወጣ አጭበረበረችን ያሉ አንባቢዎች ነበሩ። እኔ አላጭበረበረችም ባይ ነኝ። ቀዳዳው እዚያው ገጹ ላይ፣ በሰዓት ተለክቶ ተቀምጧል። አንቺም «ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ» የሚለውን ጻፊ፤ «ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ» ብለሽ ካስዋሸሽው ግን ሽንኩርቱ ድስት ውስጥ መግባት ነበረበት። ውሸት ካለ፣ የሚያፈርሰው ነገር እዚያው መጽሐፍ ውስጥ መኖር አለበት።

ሰውየውን አትጥዪው፣ ይህንንም ልጨምር። ረቂቅሽ ውስጥ ስግብግብ ብቻ ነው፤ ስግብግብ ሰው ደግሞ በሁለት ገጽ ያልቃል። ወንድሙን በእውነት አስታምሟል። አልጋው ሥር ሌሊት ሌሊት ተኝቷል። ማንም አላመሰገነውም። ቤቱ ይገባኛል የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚያ ነው፤ ሙሉ በሙሉም ሐሰት አይደለም። አንባቢው አንድ ጊዜ «እውነቱን እኮ ነው» ካላለለት፣ ኋላ ሲያገኘው አያዝንም፣ አይደነግጥም። ብርቱካኑን የላጠለት እኮ እሱ ነው።

የመክፈቻ አንቀጽሽን በዚህ መሠረት ልሞክረው፤ እንደፈለግሽ አፍርሰሽ ሥሪው፦

«ሻይሽን ጠጪ ልጄ፣ ይቀዘቅዛል። ስኳር ሁለት ነው አይደል? አባትሽም ሁለት ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልረሳም። 31 ዓመት መጋዘን ስይዝ አንዲት ሚስማር አልጎደለችብኝም፤ ወንድሜ ይሙት። ያለ ሞዴል 19 አይገባም፣ ያለ ሞዴል 22 አይወጣም። ለጄኔራል ሥራ አስኪያጁም ቢሆን። አባትሽ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። ያኔ ሰኔ ላይ፣ ያው ቆጠራ ደርሶ... ተይው፣ እሱን ኋላ አጫውትሻለሁ። ወረቀቷን ይዘሻታል?»

ሌባ የሚል ቃል የለም፤ ክህደትም የለም። ስለ ሻይ የሚያወራ አጎት ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያችኛዋ ጓደኛሽ ምናልባት ትወደዋለች። ይሁን፣ ትውደደው።

ስትጨርሺ ሆን ብለሽ የተውሻቸውን ስህተቶች ሁሉ፣ ገጻቸውን ጨምረሽ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከረቂቁ ጋር ለአራሚው ስጪው። በቃል አይበቃም፤ ይረሳዋል። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ድርሰት ለማተሚያ ቤት ሳዘጋጅ ይህን ሳላደርግ ቀረሁ። እዚያም ሁለት ጊዜ የተጠቀሰ፣ በአንድ ቅጥያ ብቻ የሚለያይ ቃል ነበረበት። አራሚው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሁለቱ መለያየታቸውን አየና አመሳሰላቸው። መጽሐፉ ታትሞ እጃችን ሲገባ ያ ሁሉ የደከምንበት ውሸታም ጨዋ ሰው ሆኖ ቁጭ ብሏል።